የገዳሪፍ ድንጋይ

አስቻለው ከጁባ ደውሎ እናቱን እንኳ ሳይጠይቅ «ትርሲት አለች?» ያለው በዚያ ማክሰኞ ጧት ነው። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ቤት ታይቶ አይታወቅም። ስልኳ ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልክ ናት። በቤቱ ውስጥ ኔትወርክ የሚገባት የእናቱ የወይዘሮ ቦጋለች መኝታ ክፍል መስኮት ላይ ብቻ ስለሆነ ሌት ተቀን እዚያው ደፉ ላይ፣ ከመድኃኔዓለም ሥዕል ጎን ተቀምጣ ትውላለች። ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ የባልና የሚስት ጨዋታ የሚካሄደው አማት አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ጥጥ እየፈተሉ ነው። ሥርዓቱም የታወቀ ነው። ልጅ መጀመሪያ እናቱን ስለ ወገባቸው ይጠይቃል፤ እናት ስለ ጁባ ሙቀት ይጠይቃሉ፤ ከዚያ የጎረቤት ሞትና የድንች ዋጋ ይነሣል፤ ካርዱ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው «እስቲ እሷን አቅርቢልኝ» ይባላል። ትርሲት በሁለቱ ደቂቃ ናፍቆቷንም፣ ኩርፊያዋንም፣ የሚያፈሰውን ጣሪያ ጉዳይም አማቷ እየሰሙ ታጠናቅቃለች። የዚያን ቀን ግን ወይዘሮ ቦጋለች ስልኩን ከጆሯቸው አራቅ አድርገው አንድ አፍታ አዩትና «እንኪ፣ አንቺን ነው የሚፈልግ» ብለው ዘረጉላት።

ትርሲት ስልኩን ተቀበለች። እሷም ብትሆን የምትነግረው ነበራት። የወር አበባዋ ከቀኑ ስምንት ቀን አልፎ ነበር። ሦስት ዓመት በትዳር ኖረው ልጅ አልመጣ ብሎ የሰፈሩ ሴቶች ሆዷን እንጂ ፊቷን ማየት ከተዉ ሰንብተዋል። ወሬው ሳይረጋ ለማንም አልነግርም ብላ አፏን ዘግታ፣ ግን ለእሱ ብቻ፣ አማቷ ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት ሰዓት ልትነግረው አድብታ ነበር። አሁን ያለ ሥርዓቱ ሲጠራት በሆነ መንገድ የሰማ መሰላት። እሱ ግን ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር። «አንድ ጓደኛዬ ታሞ ነው» አላት። «የዚህ አገር ሐኪም ቋንቋችንን አይሰማም። መድኃኒት ቤት ሂጂና ሚዜዬን ክንዱን ጠይቂልኝ። ሲሸና ያቃጥለዋል፤ መግል ቢጤም አለው። ከጥር ሃያ ሦስት ጀምሮ ነው።»

«እሺ» አለች። «ማን ነው ጓደኛህ?»

«አታውቂውም» አለና መስመሩ ተቋረጠ፣ ወይም አቋረጠው።

የአማቷ እንዝርት ቆሟል። ደኅና መሆኑን ጠየቋት፤ ደኅና ነው፣ ጓደኛውን አሞት ነው አለች። ምኑን ቢሏት «ሆዱን» አለች። ሆድ በዚያ ቤት ብዙ ነገር ነው፤ ረሃቡም፣ ቅያሜውም፣ ምሥጢሩም ሆድ ይባላልና ወይዘሮ ቦጋለች ሌላ አልጠየቁም። እንዝርቱ ዳግመኛ መሽከርከር ጀመረ። ትርሲት ግን በቀጭኑ ኮሪደር አልፋ ወደ ልብስ ስፌት ማሽኗ ስትመለስ፣ የደንበኛዋን የዘነበችን የሰርግ ቀሚስ እጅጌ ከፊት ለኋላ ገጠመችው። ሁዳዴ ሳይገባ እሑድ መድረስ ያለበት ቀሚስ ነው። ፈታችውና ደግማ ገጠመችው፤ አሁንም ያው ሆነ። ያን ጊዜ ነጠላዋን አንሥታ፣ ስልኩንም ከመስኮቱ ላይ አንሥታ ወጣች።

ከተማዋ መካነ ኢየሱስ በሰርግ ሰሞን ጫጫታዋ ለጉድ ነው። የደብረ ታቦር ረዳቶች ገና ባዶ ለሆነ መኪና «አንድ ሰው የቀረው!» እያሉ ይምላሉ፤ ባጃጁ የድንች ጆንያ ጭኖ ሰውን በጎን ያንጠለጥላል፤ ከየድንኳኑ የሚወጣው ዘፈን እርስ በርሱ ይጣላል። ትርሲት እግረ መንገዷን ክር ጠየቀች። ባለፈው ወር በሃምሳ ብር የገዛችው ጥቅል ሰባ አምስት ገብቷል። ለምን ብላ መከራከር የምትወድ ሴት ነበረች፤ አልተከራከረችም፤ ሳትገዛም ወጣች። በመንገዱ ላይ ጓደኛው ማን እንደሚሆን እያሰበች ነበር። የአስቻለውን የጁባ ጓደኞች በስም ታውቃቸዋለች። የውሃ ቦቴ የሚነዱ አራት ሰዎች ናቸው፣ አንድ ክፍል ተከራይተው በፈረቃ የሚያበስሉ። በየሳምንቱ የማን ወጥ እንዳረረ ሳይቀር ይነግራት ነበር። ታዲያ የማታውቀው ጓደኛ ከየት መጣ? ይህን እያሰበች ሳታስበው መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ደረሰች።

ክንዱ የመድኃኒት ባለሙያ ብቻ አይደለም፣ የአስቻለው አንደኛ ሚዜ የነበረ ነው። ከሰርጉ ቀን ጀምሮ ስሟን ጠርቶ አያውቅም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ «ሙሽሪት» ነው የሚላት፣ ገበያ መሀልም ቢሆን። ሳል ያለባቸው አንድ ሽማግሌ እስኪወጡ ጥርስ ሳሙናውን ስታገላብጥ ቆየች። ከዚያ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዙራ፣ አስቻለው ጓደኛው ታሞበት መድኃኒት እንደሚጠይቅ ነገረችው። ምልክቱን ስትናገር ድምፅዋ ሊጠፋ ደረሰ። ክንዱ ፈገግታው ከፊቱ ቀስ ብሎ ወረደ። ሒሳብ ማሽኑን ያለ ሥራ አበራው፤ አጠፋው።

«መድኃኒቱን በስልክ አልሰጥም» አላት። «በሽታው የታወቀ ነው፤ ግን በየሱቁ የሚሸጠውን ክኒን እንዳይውጥ፤ ግማሹ አይሠራም። እዚያው ክሊኒክ ይሂድ። ቋንቋ የሚያውቅ ሐበሻ ይዞ ይግባ፤ ደምም ይመርመር። አያፍርም፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።» ከዚያ «ባለ ትዳር ነው?» አላት።

«መሰለኝ።»

«እንግዲያው ሚስቱም መታከም አለባት። ምንም ባያማትም። ሴቷን ብዙ ጊዜ አያማትም፤ ዝም ብሎ ውስጥ ለውስጥ ነው የሚሄድ። ሚስቱ የት ናት?»

«እኔ እንጃ» አለች ትርሲት። «እዚሁ አካባቢ ሳትሆን አትቀርም።»

«ዛሬውኑ ብትሄድ ጥሩ ነው» አለ ክንዱ። «ነገ ሳይሆን ዛሬ። አይዞሽ በያት፣ ትርሲት።»

ከመድኃኒት ቤቱ ወጥታ ሃያ እርምጃ ከሄደች በኋላ ነው ስሟን መጥራቱን ያስተዋለችው። የተዘጋ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። እንግዲህ ጓደኛ የለም። ይህን ጧት መስኮቱ ሥርም ታውቀው ነበር፣ ግን ማወቅና ማወቅ ይለያያል። ሰውነቷ ሁሉ የሰው ዕቃ መሰላት። በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች። ለገና መጣ፤ ለጥምቀት አብረው ታቦት አጀቡ፤ ጥር አሥራ አምስት ሄደ። አዲስ አበባ ለቪዛ ብሎ አራት ሌሊት አደረ። ሃያ ላይ ጁባ ገባ። ሃያ ሦስት ላይ ታመመ። ከቤት ይዞት ሄደ? ከአዲስ አበባ? ከጁባ? ከቤት ከሆነ ማን ሰጠው? ወይስ ለገና ሲመጣ ይዞ መጥቶ እዚህ አስቀምጦት ሄደ? ጣቶቿ አልበቁ አሉ። የገዛ ራሷንም ኑሮ መረመረች፣ አንድ ቀን እንኳ የት ሄጄ ነበር ብላ፣ ያላደረገችውን ያደረገች ይመስል። ንጹሕ ሰው በሌላ ሰው ጥፋት ራሱን ሲፈትሽ ከመዋል የበለጠ ግፍ ምን አለ?

ስልኩ እጇ ላይ ጮኸ። ክንዱ ያለውን ሁሉ ያለ መጨመር ያለ መቀነስ ነገረችው፣ ሚስቱም ትታከም ያለውን ጨምራ። ከዚያኛው ጫፍ የቦቴው ሞተር ብቻ ይሰማ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «ጓደኛዬ አይደለም። ግን ሴት ነክቼ አይደለም፤ ኪዳነ ምሕረት ትመስክርብኝ። ያገሩን ሙቀት አታውቂውም፤ ድንጋዩ እንደ ምጣድ ነው። የጋለ ድንጋይ ላይ ሸንቼ ነው። አባዬንም ገዳሪፍ እንደዚሁ አድርጎታል። ካላመንሽኝ እማዬን ጠይቂያት።»

ትርሲት ልትጮህበት ነበር፤ ተወችው። ምክንያቱም የድንጋዩን ነገር ታውቀዋለች። በዚያ ቤት የማያውቀው የለም። የአስቻለው አባት አቶ ዳኛቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በደርግ ጊዜ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ማሽላ ቆረጣ ወርደው፣ የጋለ ድንጋይ ላይ ሸንተው ታመው መመለሳቸው እንደ ቤቱ ታሪክ ይወራል። አስቻለው መጀመሪያ ወደ ጁባ ሲነሣ ወይዘሮ ቦጋለች እምነት ግንባሩ ላይ ቀብተው ሲመርቁት የመጨረሻ ቃላቸው «ልጄ፣ ውሃህን ጥላ ፈልገህ ሽና» የሚል ነበር። ያን ቀን ትርሲት ሣቋን በነጠላዋ ደብቃ ነበር። አሁን ግን ያ ምክር እንደ ገመድ ሆኖ ታያት፤ ልትይዘው ፈለገች። እውነት ቢሆንስ? አንድ አባት ታሞበታል፣ አንዲት እናት መስክራለች፣ ባሏ ምሏል። ማመን ፈለገች፤ ከልቧ ፈለገች። «እሺ፣ ክሊኒክ ሂድ» ብቻ ብላው ዘጋች። ማመኗን ወይም አለማመኗን እሷም አላወቀችውም።

ጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ወረፋው ረጅም ነበር። ካርድ የሚጽፈው ሰው በመስኮቱ ቀዳዳ «ምንሽን ነው?» ብሎ እስከ ግቢው በር ድረስ በሚሰማ ድምፅ ሲጠይቃት «ሆዴን» አለች። ከኋላዋ ያሉት ሴቶች ሆዷን አዩ። ተራዋ ሲደርስ የገባችበት ክፍል ጠባብ ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ መጋረጃ፣ ያለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ። ሐኪሟ ሰብለ ትባላለች፤ ከትርሲት በዕድሜ ብዙም አትበልጥም፤ ስትጠይቅ ከወረቀቷ ቀና አትልም፣ ስታዳምጥ ግን ቀና ትላለች። ትርሲት መጀመሪያ ስለ ወር አበባዋ ብቻ ተናገረች። ከዚያ ዐይኗን የቀን መቁጠሪያው ላይ ተክላ ቀሪውን አወጣችው። ሰብለ ቀኖቹን ጻፈች፤ ከባሏ ሌላ የምታውቀው ሰው እንዳለም ጠየቀቻት። የትርሲት ፊት በርበሬ መሰለ። «ሁሉንም ነው የምንጠይቅ፣ አትቀየሚኝ» አለች ሰብለ፣ እንደ እውነቱ ከሆነ በደግ ድምፅ።

ደሟን ሰጠች፤ ሽንቷን ሰጠች፤ ውጭ አግዳሚው ላይ አንድ ሰዓት ተቀመጠች። አጠገቧ የነበረች የስማዳ ሴት ከወገዳ እስከዚህ ለመድረስ ስንት መኪና እንደቀየረች ስትነግራት፣ በየመሀሉ «ውይ» እያለች አንዱንም አልሰማችም። ስትጠራ ሰብለ በሩን ዘጋች። ነፍሰ ጡር መሆኗን ነገረቻት። ከኤችአይቪም ከቂጥኝም ደሟ ነጻ መሆኑን፣ ግን ከሦስት ወር በኋላ መደገም እንዳለበት ነገረቻት። ለሌላው፣ ባልየው ለያዘው፣ ምልክት ባይታይባትም መርፌና ክኒን ዛሬውኑ እንደምትወስድ፣ ፅንሱንም እንደማይጎዳው ነገረቻት። ደስታውና ፍርሃቱ እኩል በር ላይ ደርሰው ትርሲት ለየትኛው መነሣት እንዳለባት ግራ ገባት። አለቀሰች፣ ሣቀች፣ ደግማ አለቀሰች።

«ከቤት ነው ይዞት የሄደው፣ ወይስ ከዚያ ነው ያመጣው?» ብላ ጠየቀች።

«በቀን ቆጥረሽ አትደርሽበትም። በሁለት ቀንም ይታያል፣ በሁለት ሳምንትም። ወንዱም ሳያውቀው ይዞት የሚዞርበት ጊዜ አለ።»

ትርሲት እጇን አፋተገች። «ከጋለ ድንጋይስ ይይዛል?»

ሰብለ አልሣቀችም። ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደሰማችው ከፊቷ ያስታውቃል። «ድንጋይ ቢሆንማ የቆላ ሰው በሙሉ ታሞ ያልቅ ነበር» አለቻት። «ከሰው ነው፣ እህቴ። ድንጋዩን የምናወራው ሰውን ላለማውራት ነው። በጊዜ መምጣትሽ ጥሩ ሆነ። ያልታከመች ሴት ቧንቧዋ ይዘጋባታል። አንድ ወልዳ ሁለተኛ የማትደግም አለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ሾተላይ ነው እየተባለች።»

ትርሲት መርፌውን ስትወጋ ሕመሙ አልታወቃትም። አንድ ልጅ ወልዳ ያልደገመች ሴት በዐይነ ኅሊናዋ ቆማለች፤ እንዝርት ይዛለች። አይሆንም፣ አለች በልቧ። ሰባ ዓመት የሞላቸውን ሴት እንዲህ ብሎ ማሰብ ነውር ነው አለች። ለባጃጅ ሃያ ብር ከፍላ መግባት ስትችል በእግሯ ሄደች፤ መንገዱ እንዲረዝምላት ነው።

ቤት ስትደርስ ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች። ምሳዋ ተከድኖ ማሽኑ ላይ፣ ከዘነበች ቀሚስ አጠገብ ተቀምጧል። ወይዘሮ ቦጋለች ጧት በነበሩበት አልጋ ላይ ናቸው። ስልኩን ወደ መስኮቱ መለሰችና ከፊታቸው ካለችው በርጩማ ላይ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብላ ተቀመጠች። አማቷ አቀማመጧን አዩ።

«መርፌ ተወግተሻል» አሉ። የጥያቄ አነጋገር አልነበረም።

ትርሲት ሌላ ልትል ፈልጋ ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን «እማማ፣ አባባ ገዳሪፍ የታመሙት ከድንጋይ ነው አይደል?» የሚል ሆነ።

«እሱ እንደዚያ አለ» አሉ ወይዘሮ ቦጋለች። ሦስት ዓመት ስትሰማው የኖረችውን ታሪክ እንደዚህ ተብሎ ሰምታው አታውቅም። ክሩን በጣታቸው ጠቀለሉ። «ሐኪሙ ምን ይላል?»

«ከድንጋይ አይይዝም ትላለች። ከሰው ነው ትላለች። ያልታከመች ሴት ደግሞ ማኅፀኗ ይዘጋል አለች።»

«አንድ ከወለደች በኋላም?»

«በኋላም።»

በመስኮቱ የሩቅ ሰርግ ከበሮ ይገባል። ወይዘሮ ቦጋለች እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አስተኙት፤ ክሩን አላፈረሱም፣ አልጨረሱም። ትርሲት የተናገረችውን ሁሉ መልሳ መዋጥ አማራት። እኝህ ሴት ከአስቻለው በኋላ ልጅ ፍለጋ ያልዞሩበት ደብር እንደሌለ፣ ጋይንት ቤተ ልሔም ድረስ በእግራቸው ሄደው ተስለው እንደነበር፣ የባላቸው ዘመዶች «አንድ ወልዳ የነጠፈች» እያሉ ይጠሯቸው እንደነበር ጎረቤት ነግሯታል። እሳቸው ራሳቸው ግን አንድም ቀን አንሥተውት አያውቁም።

«ስንት ጸበል ጠጣሁ» አሉ አሁን ለግድግዳው። «ሰባት ዓመት። እሱም አብሮኝ ይሄድ ነበር፤ ሥንቁን ተሸክሞልኝ።» እንባ አልነበራቸውም። ፊታቸው ላይ የነበረው የተናደደ ሰው ፊት እንኳ አልነበረም፤ ቤቱ ውስጥ የኖረ ዕቃ ድንገት የሌላ ሰው መሆኑ የተነገረው ሰው ፊት ነበር። ትርሲት እጃቸውን ልትይዝ ተነሣች።

ስልኩ የዚያን ጊዜ ጮኸ። ለመስኮቱ የቀረቡት አማት ናቸው፤ አነሡት። ልጃቸው ዛሬም ስለ ወገባቸው አልጠየቀም። ድምፁ ከስልኩ አልፎ ለትርሲት ይሰማት ነበር። «እማዬ፣ እስቲ ለትርሲት ንገሪልኝ። አባዬን ገዳሪፍ ድንጋዩ እንዴት እንዳደረገው ንገሪያት። አንቺን ታምንሻለች።»

ወይዘሮ ቦጋለች ወደ ምራታቸው አዩ። አንዲት ቃል ከእሳቸው አፍ ብትወጣ ትዳሯ ደኅና ይሆናል፤ ወይም ደኅና ይመስላል። በዚያች አፍታ የትኛውን ቃል እንደምትመኝ አላወቀችም።

«አባትህ ድንጋይ ነው አለኝ» አሉ ወይዘሮ ቦጋለች። «አመንኩት። አንተ ዓመት ከመንፈቅህ ነበር። ከአንተ በኋላ ሌላ አልወለድኩም፣ አስቻለው።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሯቸው አዛወሩት።

«ሚስትህ ታክማ መጥታለች። አንተም ነገ ሂድና ታከም፤ ከታከምክበት ወረቀት ጋር ና። እኔን ምስክር አታድርገኝ።»

ስልኩን ለትርሲት ሰጧት። ከዚያ እንዝርታቸውንና የጥጥ ቅርጫታቸውን አንሥተው፣ በርጩማዋን በሌላ እጃቸው ይዘው ወጡ። ሁለት ዓመት ሙሉ ባልና ሚስት ሲነጋገሩ ከዚያ አልጋ ተነሥተው አያውቁም ነበር። በሩንም ከኋላቸው ገጠም አደረጉት። ትርሲት በርጩማዋ ግቢው ውስጥ መሬት ስትነካ ሰማች፤ የእንዝርቱን ድምፅ ግን አልሰማችም።

አስቻለው አልዘጋም ነበር። ትንፋሹ ይሰማታል። ትወደዋለች፤ በዚያች ሰዓት ፊቱን ብታገኝ በጥፊ ትለው ነበር፤ ሁለቱም እውነት ነው። ይቅር እንደምትለው አታውቅም፤ እንደማትለውም አታውቅም። አንድ ነገር ብቻ ታውቃለች። ግራ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ መስኮቱ ደፍ ላይ ተደገፈች፣ መስመሩ እንዳይቋረጥ።

«አስቻለው» አለችው፣ «ድንጋዩን ተወውና እውነቱን ንገረኝ። ከዚያ እኔም የምነግርህ አለኝ።»